የድሮ ጌሞች በስልክ፦ ሌሙሮይድ፣ ሬትሮአርች ወይስ ለየብቻ?

ባለፈው ቅዳሜ ባጃጅ የሚነዳ ጎረቤቴ ሐዋሳ መናኸሪያ አጠገብ ተራ እየጠበቀ ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። "ወንድሜ፣ ይሄን ሁሉ ጌም አስጭኜ አንዱንም በወጉ አልተጫወትኩም" አለኝ። ተቀብዬ አየሁት። ሞባይል ቤት ያስጫነው አንድ ትልቅ ፎልደር አለ። ውስጡ ከሦስት ሺህ በላይ ፋይል ተዘርግፏል። አንዱ ጌም አምስት ቦታ ተደግሟል። ብዙው የጃፓንኛ ቅጂ ነው። ጌሞቹን የሚከፍተው አፕ፣ ኢሙሌተሩ፣ ደግሞ አራት ዓይነት ነው። ሦስቱ ጌም ከመክፈታቸው በፊት ማስታወቂያ ያሳያሉ።

"የቱን ላስቀር?" አለኝ።

ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱ ግን እንደ ሰው ይለያያል። እሱ የሚጫወተው ተራው እስኪደርስ አሥር ደቂቃ ነው። የእህቴ ልጅ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ማታ ማታ ለሁለት ሰዓት ያህል ትጫወታለች። ስልካቸው አይገናኝም፣ የሚወዱት ጌምም አይገናኝም። ስለዚህ ሦስቱን መንገዶች (ሌሙሮይድና ሬትሮአርች የሚባሉትን አፖች፣ ወይም ለየማሽኑ የራሱን አፕ) አስቀምጬ የቱ ለማን እንደሚሆን ልንገራችሁ።

ለአዲስ ሰው አንድ ነገር ላስቀድም። ኢሙሌተር ማለት የድሮውን የጌም ማሽን ሥራ ስልክ ላይ የሚሠራ አፕ ነው። ጌሙ ራሱ የተለየ ፋይል ነው፤ ሮም ይባላል። አፑን ብታጠፉት ፋይሉ ይቀራል። ነገ ሌላ አፕ ብትጭኑ ያንኑ ፋይል ይከፍተዋል። ምክሬ ሁሉ የቆመው እዚህ ላይ ነው፦ ፎልደሩን በደንብ ከያዛችሁት አፑን መቀየር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

በመጀመሪያ ስልካችሁ ምን ይችላል?

ጌሞቹ በክብደት አይቀራረቡም። ፋሚኮም የሚባለው የኔንቴንዶ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ ወጣ። በዚያ ማሽን ላይ የተሠራው የመጀመሪያው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ጠቅላላ 40 ኪሎባይት ነው። ዛሬ አሞራ ገደል ሄዳችሁ አንድ ፎቶ ብታነሱ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። በእጅ የሚያዘው የጌምቦይ አድቫንስ ጌም ቢበዛ 32 ሜጋባይት ነው። በካሴት መልክ ይሰኩ የነበሩት እነዚህ ጌሞች 2 ጊጋ ራም ባለው ስልክም ያለ ችግር ይሄዳሉ።

ፕሌይስቴሽን 1 እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ በሲዲ ነበር። አንድ ዲስክ እስከ 700 ሜጋባይት ገደማ ይደርሳል። ቦታ ይበላል እንጂ ለፕሮሰሰሩ ብዙም አይከብድም። በእጅ የሚያዘው የሶኒ ማሽን፣ የፒኤስፒ፣ ዲስክ እስከ 1.8 ጊጋ ይይዛል። እሱ መካከለኛ ስልክ ቢያገኝ ደስ ይለዋል፤ በደካማ ስልክም የምስሉን ጥራት ዝቅ ካደረጋችሁ ብዙው ጌም ይሠራል።

ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ግን ቆም በሉ። ጌም ቤት ውስጥ "የተሸነፈ ይከፍላል" እየተባልን ያደግን ሰዎች የሚናፍቀን እሱ ነው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝም እሱን ነው። ሁሉም ስልክ አይችለውም። ኤተርኤስኤክስ2 የሚባለው ታዋቂ ኢሙሌተር የስናፕድራጎን 845 ደረጃ ያለው ፕሮሰሰር የያዘ ስልክ ይመክር ነበር። 64 ቢት አንድሮይድም ግዴታው ነው። አዘጋጁ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ሥራውን አቁሟል። ዛሬ በስሙ የሚዞሩት ኤፒኬዎች (የአፕ መጫኛ ፋይሎች) ከማን እጅ እንደወጡ የማይታወቁ ብዙ አሉ። በቴሌግራም "ይሄ ይሠራል" ተብሎ የተላከላችሁን አትጫኑ።

የናፈቃችሁ ኳስ ጌሙ ከሆነ መፍትሔው ቅርብ ነው። ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር እስከ 2014ቱ ድረስ ለፒኤስፒም ይወጣ ነበር። ያንን ቅጂ ሞክሩት። ስሜቱ ያው ነው፣ ስልኩም አይጨነቅም።

ሌሙሮይድ

አንድ አፕ፣ አንድ ፎልደር፣ አለቀ። ሌሙሮይድ ነጻ ነው፤ ማስታወቂያ የለውም። ፕሌይ ስቶር ላይ አለ። ስትከፍቱት "ጌሞቻችሁ የት ናቸው?" ይላችኋል። ፎልደሩን ታሳዩታላችሁ። ራሱ ፈትሾ በየማሽኑ ይለያቸዋል፣ ኢንተርኔት ካለ የሽፋን ሥዕላቸውን ያወርዳል። ከፋሚኮም እስከ ፕሌይስቴሽን 1 እና ፒኤስፒ ይከፍታል።

እኔ የምወድለት ግን ሌላ ነገር ነው። ከጌሙ ስትወጡ ያላችሁበትን ቦታ ራሱ ይይዛል። ስትመለሱ ከዚያው ይቀጥላል። ጎረቤቴ ተሳፋሪ ሲመጣ ስልኩን ኪሱ ከቶ ይነዳል። በመሃል ስልክ ይደወላል። ለእንዲህ ዓይነቱ አጨዋወት ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

ጉድለቱ የሚነካካ ነገር ማነሱ ነው። አንድ ጌም ቢንተፋተፍባችሁ የምትሞክሩት ማስተካከያ ጥቂት ነው። ከጓደኛ ጋር በሁለት ስልክ ለመጫወትም አልተሠራም።

ሬትሮአርች

ይሄኛው ትልቅ ዕቃ ቤት ነው። ሬትሮአርች ብቻውን ጌም አይከፍትም። ለእያንዳንዱ ማሽን ኮር የሚባል ክፍል ታወርዳላችሁ። ለፋሚኮም አንድ፣ ለሴጋ አንድ፣ ለፕሌይስቴሽን አንድ። ለአንዱ ማሽን ሦስትና አራት ኮርም አለ። ደካማ ስልክ ላይ አንዱ ቢንተፋተፍ ሌላው ይሄዳል። ለምሳሌ ፒሲኤስኤክስ ሪአርምድ የሚባለው የፕሌይስቴሽን 1 ኮር ስልኮቻችን ለያዙት የኤአርኤም ፕሮሰሰር የተዘጋጀ ስለሆነ በርካሽ ስልክ ላይ ቀላል ነው።

ሜኑው ግን ያደክማል። የመጀመሪያው ቀን ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። እኔም ሁለት ጊዜ አጥፍቼው ሦስተኛው ላይ ነው የገባኝ። ኮሮቹንና የሽፋን ሥዕሎቹን ለማውረድ ዳታ ይፈልጋል። ስለዚህ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ተቀምጣችሁ የሚያስፈልጋችሁን አንድ ጊዜ ጨርሱ። ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ለምን ይደከማል ታዲያ? በሦስት ምክንያት። አንደኛ፣ ሴቭ (ጌሙ ላይ የደረሳችሁበትን የሚይዘው ፋይል) የት እንደሚቀመጥ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ፤ ይህን ወደ ታች እመለስበታለሁ። ሁለተኛ፣ ራን-አሄድ የሚባል ነገር አለው። ቁልፍ ከተጫናችሁ እስከ ስክሪኑ ያለውን መዘግየት ይቀንሳል። ፕሮሰሰሩን ግን ተጨማሪ ያሠራዋል፤ በፋሚኮምና በሴጋ ጌም ላይ ጥሩ ነው፣ በከባዱ ላይ አትሞክሩት። ሦስተኛ፣ ኔትፕሌይ። አንዱ ስልክ ሆትስፖት ይከፍታል፣ ሌላው ይገናኛል፣ ሁለት ሰው አንድ ጌም ይጫወታል። ዳታ አይቆርጥም። ከአንድ ወዳጄ ጋር ሐይቅ ዳር ጥላ ሥር ተቀምጠን እንዲህ ተጫውተን ፀሐይ ጠልቃብናለች።

አንድ የሚያደናግር ነገር ላንሳ። ሬትሮአርች ፎልደር ሲፈትሽ ፋይሉን ከዳታቤዙ ጋር ያመሳክራል። የተተረጎመ ወይም የተነካካ ቅጂ ከሆነ ዝርዝሩ ውስጥ አያስገባውም። "ጌሜን አጠፋው" ብላችሁ አትደንግጡ። ፋይሉ ቦታው ላይ ነው። "ማንዋል ስካን" የሚለውን ስትጠቀሙ ይገባል።

ለየብቻ አፕ፣ ከላይ አንድ መደርደሪያ

ሦስተኛው መንገድ ለእያንዳንዱ ማሽን የራሱን ኢሙሌተር መጫን ነው። ለፒኤስፒ ፒፒኤስኤስፒፒ፣ ለፕሌይስቴሽን 1 ዳክስቴሽን፣ እያለ ይቀጥላል። አፖቹ ሲበዙ ዳይጂሾ የሚባለውን ነጻ አፕ ከላይ ታደርጉበታላችሁ። እሱ ጌም አይከፍትም። ጌሞቹን በሥዕል ደርድሮ ያሳያል፣ ስትነኩት ትክክለኛውን ኢሙሌተር ይጠራል። ለዓይን በጣም ያምራል።

ይህ መንገድ ጠንካራ ስልክ ላለውና ማስተካከል ለሚወድ ነው። የእህቴ ልጅ እንዲህ ነው የምትጠቀመው። ለጎረቤቴ ግን አልመክርም። እያንዳንዱ አፕ የራሱ ሴቲንግ አለው፣ ሴቩንም የራሱ ቦታ ያስቀምጣል። ስልክ ስትቀይሩ አምስት ቦታ መልቀም ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ፒፒኤስኤስፒፒን ለሁሉም ሰው እመክራለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ያለ ነው። ነጻው ቅጂና የሚከፈልበት ጎልድ በሥራ አይለያዩም፤ ጎልድ አዘጋጁን ለመደገፍ ነው። ባዮስ የሚባለውን ተጨማሪ ፋይል፣ ማለትም የማሽኑን የራሱን መነሻ ፕሮግራም፣ አይጠይቅም። ዳክስቴሽን ግን ይጠይቃል። ደካማ ስልክ ካላችሁ ሬዞሉሽኑን 1ኤክስ ላይ አድርጉት፤ ይህ የፒኤስፒው የራሱ የስክሪን መጠን፣ 480 በ272 ፒክስል፣ ነው። ምስሉ በትንሽ ስክሪን ላይ አያስከፋም።

አይፎን የያዛችሁ ምርጫችሁ ቀላል ነው። አፕል እ.ኤ.አ. እስከ ሚያዝያ 2024 ድረስ እንዲህ ያሉ ኢሙሌተሮችን አፕ ስቶር ላይ አይፈቅድም ነበር። ከዚያ ወዲህ ዴልታ፣ ሬትሮአርች እና ፒፒኤስኤስፒፒ ገብተዋል። በዴልታ ጀምሩ። ነጻ ነው፣ የኔንቴንዶ ማሽኖችን በሚያምር ሁኔታ ይከፍታል፣ ሴቩን ከጉግል ድራይቭ ጋር ያመሳስላል።

ፎልደሩ

ብዙ ሰው ዘሎ የሚያልፈው ይህን ነው፤ ስብስቡ የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚህ ነው። አንድ ዋና ፎልደር ክፈቱ። ውስጡ ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ፎልደር። ሌላ አትከፋፍሉ። "የኳስ"፣ "የድብድብ" እያላችሁ ከከፈላችሁ ከወር በኋላ ራሳችሁም አታገኙትም።

ቀጥሎ ድግግሞሹን አጥፉ። የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ብዙውን ጊዜ የአገር ስም አለ። የአሜሪካውን አስቀሩ። ምክንያት አለኝ። የአውሮፓው ቅጂ በሰከንድ 50 ምስል ለሚያሳይ ቴሌቪዥን የተሠራ ነው። የአሜሪካውና የጃፓኑ በ60 ይሄዳል። ብዙዎቹ የአውሮፓ ቅጂዎች ሳይስተካከሉ ስለወጡ ጌሙም ሙዚቃውም ከስድስት አንድ እጅ ያህል ይጎተታል። "ኢሙሌተሩ ቀርፋፋ ነው" ብሎ የሚያማርር ሰው ሲመጣብኝ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቅጂው ነው።

የካሴቶቹን ጌሞች ዚፕ አድርጋችሁ ብታስቀምጡ ችግር የለውም። የዲስኮቹን ግን ዚፕ አታድርጉ። አፑ በከፈታችሁት ቁጥር መፍታት ስላለበት ያዘገያል። ለእነሱ ሲኤችዲ የሚባል ፎርማት አለ። ኮምፒውተር ላይ ሲኤችዲማን በሚባል ነጻ ፕሮግራም ትቀይሩታላችሁ። ጥራቱ ምንም ሳይነካ መጠኑ ይቀንሳል፤ ሁለትና ከዚያ በላይ የነበረው ፋይልም አንድ ይሆናል። ሌሙሮይድም ሬትሮአርችም የፕሌይስቴሽን 1 ሲኤችዲ ያነባሉ። አዲሶቹ የፒፒኤስኤስፒፒ ቅጂዎችም እንዲሁ።

ብዙ ዲስክ ያለው ጌም ላይ ደግሞ ይህን አድርጉ። ፋይናል ፋንታሲ 7 ለምሳሌ በፕሌይስቴሽን 1 ሦስት ዲስክ ነው። አንድ የጽሑፍ ፋይል ክፈቱና በእያንዳንዱ መስመር የአንዱን ዲስክ ፋይል ስም ጻፉ። የፋይሉን ስም መጨረሻ .m3u (ኤም3ዩ) አድርጋችሁ አስቀምጡት። ጌሙን ሁልጊዜ በእሱ ክፈቱ። ያኔ ዲስክ መቀየሩ ቀላል ነው፣ ሴቩም ለሦስቱም አንድ ይሆናል።

ስለ ባለቤትነት አንድ ነገር ልበል። ኢሙሌተሩ ራሱ ሕገወጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሶኒ የኢሙሌተር ሠሪውን ኮኔክቲክስን በከሰሰበት ጉዳይ ለኮኔክቲክስ ፈርዷል። ጌሙ ግን የሠሪው ንብረት ነው። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን በቅጂ መብት ይጠብቃል። ዲስኩ ያላችሁ ከራሳችሁ ዲስክ ቅዱ። ሌላው ደግሞ፣ ኢች ዶት አይኦ (itch.io) በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ዛሬ ያሉ ወጣቶች ለድሮው ጌምቦይና ፋሚኮም የሠሯቸውን አዳዲስ ጌሞች በነጻ ታገኛላችሁ። አንዳንዶቹ በእውነት ግሩም ናቸው።

ሴቭ

የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንድ ረጅም ጌም ከሦስት ወር በላይ ተጫውቼ መጨረሻው ደርሼ ነበር። ስልኬ ሞላ። "ኢሙሌተሩን አጥፍቼ ነገ መልሼ እጭነዋለሁ፤ ጌሙ ሜሞሪ ላይ ነው" አልኩ። አጠፋሁት። በማግስቱ ጫንኩት። ጌሙ አለ፣ ሴቩ ግን የለም። አፑ ሴቩን የሚያስቀምጠው በራሱ የአንድሮይድ ፎልደር ውስጥ ነበር። አፑ ሲጠፋ ያ ፎልደር አብሮ ይጠፋል። ያን ጌም እስካሁን እንደገና መጀመር አልቻልኩም።

ስለዚህ አፕ ስትመርጡ ሴቩ የት እንደሚቀመጥ ጠይቁ። ሬትሮአርች ላይ ስልኩ ውስጥ "ሴቭ" የሚል ፎልደር ከፍታችሁ ወደዚያ አዙሩት። ፒፒኤስኤስፒፒም መጀመሪያ ሲከፈት ፎልደር ያስመርጣል። ሌሙሮይድ በራሱ ፎልደር ነው የሚያስቀምጠው፤ ግን ከጉግል ድራይቭ ጋር ማመሳሰያ አለው። የመጀመሪያው ቀን አብሩት።

ሌላው፣ ሴቭ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጌሙ ራሱ የሚያስቀምጠው ነው። የፋይሉ ስም ብዙ ጊዜ በ.srm (ኤስአርኤም) ያልቃል። ይህ ከአንዱ አፕ ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል። ሁለተኛው ሴቭ ስቴት ነው፤ ኢሙሌተሩ ያችን ቅጽበት እንዳለች ይይዛታል። ምቹ ነው፤ ግን ከሠራው ኮር ጋር የተጣበቀ ነው። ኮሩ ሲታደስ ወይም ሲቀየር ላይከፈት ይችላል። በሴቭ ስቴት ብቻ አርባ ሰዓት የተጫወተ ሰው ገደል አፋፍ ላይ ተኝቷል ማለት ነው። ጌሙ ውስጥ ያለውን ሴቭም አድርጉ።

ሬትሮአርች የምትጠቀሙ "ሴቭራም አውቶሴቭ ኢንተርቫል" የሚለውን እዩት። ጠፍቶ ካገኛችሁት 10 ሰከንድ ላይ አድርጉት። ካልሆነ ሴቩ ፋይል ላይ የሚጻፈው ከጌሙ በሥርዓት ስትወጡ ነው። ብዙዎቹ ስልኮቻችን ባትሪ ለመቆጠብ ከኋላ ያለውን አፕ በድንገት ይዘጋሉ። ያኔ ሴቩ ሳይጻፍ ይቀራል።

ሜሞሪና ጆይስቲክ

ሜሞሪ ስትገዙ መጠኑን አረጋግጡ። ላዩ ላይ 128 ጊጋ ተጽፎ ውስጡ 16 የሆነ አጋጥሞኛል። መጀመሪያ ይቀበላል፣ ከሞላ በኋላ ፋይሉ ይበላሻል። ኮምፒውተር ላይ ኤች2ቴስትደብሊው በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ፈትሹት፤ ቀስ ይላል ግን እውነቱን ይናገራል። ጌሞቹን ሜሞሪ ላይ፣ ሴቩን ስልኩ ላይ አድርጉ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል።

በስክሪን መጫወት ተራ በተራ ለሚካሄዱ ጌሞች ይበቃል። ለመዝለልና ለድብድብ ግን አውራ ጣት ቁልፉን ስቶ ይሄዳል። በኦቲጂ ገመድ (ዩኤስቢ ዕቃ ስልክ ላይ የሚያሰካ) የሚሰካ ባለገመድ ጆይስቲክ ከብሉቱዙ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። መዘግየቱ ያነሰ ነው፣ ቻርጅ አይፈልግም። መብራት በሄደበት ማታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ቤት ካለ ደግሞ ሌላ አትግዙ። የሼርንና የፒኤስን ቁልፍ አንድ ላይ ተጭናችሁ መብራቱ ብልጭ ብልጭ እስኪል ያዙ፣ ከዚያ ስልኩ ብሉቱዝ ላይ ይመጣል።

ጎረቤቴ ጋ ልመለስ። አራቱን ኢሙሌተር አጠፋንና ሌሙሮይድን ከፒፒኤስኤስፒፒ ጋር ጫንን። ሦስት ሺሁን ፋይል ኮምፒውተሬ ላይ ገልብጠን አብረን አየናቸው። ስሙን ሲያይ ፊቱ የበራለትን ብቻ አስቀረን፦ 26 ጌም። ትናንት ፒያሳ አጠገብ አገኘሁት። ባጃጁን አቁሞ ጠራኝ። "የጌሙ አራተኛ ዓለም ላይ ደርሻለሁ" አለኝና ስልኩን ዘረጋልኝ። ከኋላው ተሳፋሪ ተቀምጦ እሱም አንገቱን አስግጎ ያያል።